በአድራሻው ላይ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር

«አዩ ናና፣ ሰርቨር ማለት ትልቅ ቁም ሳጥን ነው» አለ ሚስተር ንቲም፣ ሁለት እጁን በቁም ሳጥን ልክ ዘርግቶ። «እያንዳንዱ ሟች የራሱ መሳቢያ አለው። የእናንተ መሳቢያ ለብቻ፣ የሚስቲቱ መሳቢያ ለብቻ። ቁልፉ ደግሞ እዚህ!» ብሎ የሸሚዙን ኪስ መታ መታ አደረገ።

ናና አባቢዮ ራሱን ነቀነቀ። የመሳቢያው ነገር ገብቶታል። ጥቁር የሐዘን ጨርቁን በግራ ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ የንቲምን ኪስ፣ በእርግጥም ቁልፍ ያለበት ይመስል፣ ለአፍታ ተመለከተ።

ፍሬማ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ትሠራ ነበር። ቁም ሳጥን! ይህ ሰው የሚመራው ድርጅት የሚኖረው በሰርቨር ነው፤ ስለ ሰርቨር የሚያውቀው ግን የቤት ዕቃ ነጋዴ የሚያውቀውን ያህል ነው። አፏ ሁለቱንም «አንቱ» ይላል። ልቧ ግን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ወዲህ ማንንም «አንቱ» ብሎ አያውቅም።

በኩማሲ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወደ በረዶ ቤት፣ ስሙ ወደ ፍሬማ ሰርቨር ይገባል። የሟቹ ፎቶ፣ የሕይወት ታሪኩ፣ የሚዘመርለት መዝሙር፣ የቀብሩ ሰዓት፣ በዕለቱም በቀጥታ የሚተላለፈው ቪዲዮ ሁሉ በስሙ በተከፈተ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ቤተ ዘመድ ሊንኩን ከደቡቡ ታኮራዲ እስከ ሰሜኑ ታማሌ ይላላካል። ገጽ የሌለው ሟች እንደ ሙሉ ሟች አይቆጠርም። ፍሬማ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪዋን የምታውለው ለዚህ ነው፤ በሕይወት ሳሉ የማይነጋገሩ ሰዎች አንድ ሬሳ ላይ ቆመው ሲጓተቱ፣ የሚጓተቱበትን ገመድ ታበጃለች።

የሰሞኑ ሬሳ የኦፓኒን ሳርፖንግ ነው። የግንድ መጫኛ መኪናዎች ባለቤት ነበር። ከሞተ ብዙ ሳምንት ቢሆነውም፣ ሁለቱ ወገኖች በቀኑ ባለመስማማታቸው በረዶ ቤት ቆይቶ አሁን ለፊታችን ቅዳሜ ተቆርጦለታል። በአገሩ ልማድ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነውና ሬሳው የእናቱ ወገን ንብረት ነው፤ ልጅ በአባቱ ቀብር ላይ እንግዳ ነው። በዚህ በኩማሲ የሚከራከር የለም። የሚያከራክረው ቤቱ ነው። ሕጉ ቤቱ የሚስትና የልጆች ነው ይላል። ሕጉ ግን የሚኖረው ዋና ከተማው አክራ ነው።

ናና አባቢዮ የዚያ የእናት ወገን አለቃ ነው። የሟቹ ሚስት ማዳም ኮናዱ ቀድማ ገጽ ስላስከፈተች፣ እሱም ዛሬ ከእህቱ ልጅ ከኦሴይ ጋር መጥቶ ለወገኑ ብቻ የሚሆን ሌላ ገጽ አዟል። ኦሴይ ከስልኩ ውስጥ ያለውን አራግፎ ከሰጠ በኋላ ድንኳን ሊያይ ሄደ። የቀረው መቆለፍ ነው።

«ሴትዮዋ እንዳታይ» አለ ናና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፍሬማ ዞሮ። «ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሳጥኑን እንደሚሸከም የወገን ጉዳይ ነው። ሰማሽ አንቺ ልጅ?»

«ሰምቻለሁ ናና።»

«ስትሠራ ብዙ አትናገርም» አለ ንቲም ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «የዛሬ ዘመን ትምህርት እንዲህ ነው። ኑ እኔ ክፍል፣ ቀዝቀዝ ያለ የማልት መጠጥ አለ።»

ሁለቱ በግድግዳው ማዶ ወዳለው ክፍል ገቡ። ግድግዳው ከስስ ጣውላ የተሠራ ስለሆነ የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት እንኳ ይሰማል።

ፍሬማ ሥራዋን ቀጠለች። ሰው በስልኩ የሚጽፈው አድራሻ ቦታ ይመስለዋል። «ሳርፖንግ» ብሎ፣ ቀጥሎ ሰያፍ መስመር አስምሮ «ወገን» ሲል፣ አንድ ቤት ውስጥ ገብቶ ወደ ጓዳው ያለፈ ይመስለዋል። ቤትም ጓዳም የለም። አድራሻ ማለት ለበር ጠባቂ የተነገረ ቃል ነው፤ «ይህን ስም የጠራ ሰው ሲመጣ ወደዚያ ክፍል ውሰደው» የሚል ቃል። የተጠራው ስም በዲስኩ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። አንዱን ክፍል በአምስት ስም፣ አምስቱን ክፍል በአንድ ስም ማስጠራት ይቻላል። ፍሬማ በዚህ ሥራ የምትወደው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። በር ጠባቂው አይዋሽም፤ አይለማመጥም፤ ዘመድ የለውም። የነገሩትን ብቻ ያደርጋል፤ ያልነገሩትን ግን አስቦ አያደርግልህም።

ለአዲሱ አድራሻ ደንቡን ጻፈች፤ የይለፍ ቃል አንጠለጠለችበት፤ ሰርቨሩን አስነሳች። ከስልኳ ሞከረችው። ጠየቃት። የተሳሳተ ቃል ሰጠችው፤ መለሳት። ትክክለኛውን ሰጠችው፤ አስገባት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ንቲም ቢሆን ገና ሲጠይቀው አቁሞ ማልት ይከፍት ነበር። ፍሬማ ግን ልማዷ ነው፤ አንድ በር ከቆለፈች በኋላ ቤቱን ትዞረዋለች።

ስትዞረው ደግሞ የንቲም በር አለ። ከአራት ዓመት በፊት ንቲም አክራ ሄዶ አጭር ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ፣ በገዛ እጁ አንድ ደንብ ጽፎ ነበር፤ በሕይወቱ የጻፈው ብቸኛ ደንብ። «ፎቶ» የሚል ስም የጠራ ሁሉ የሟቾቹ ፎልደሮች በሙሉ ወደተቀመጡበት ትልቁ ክፍል ይወሰድ፤ የሚፈልገውን ስም ሲጠራም በውስጡ ያለው ሁሉ ይዘርዘርለት የሚል። ለማተሚያ ቤቶች ነው። የቀብር ፖስተር የሚያትሙት ሰዎች ደውለው እንዳያስቸግሩት ራሳቸው ገብተው ያወርዳሉ። ፍሬማ በተቀጠረች በሳምንቷ ይህ በር ይዘጋ ብላ ነበር። ንቲም ያኔ የሳቀውን ሳቅ እስካሁን ታስታውሰዋለች።

አሁን «ፎቶ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ «ሳርፖንግ»፤ ቀጥላ «ወገን»።

ተከፈተ። ምንም አልጠየቃትም።

ያው ነው። የይለፍ ቃሉ የተንጠለጠለው በአድራሻው ላይ ነው እንጂ በክፍሉ ላይ አይደለም። በአንደኛው በር ጓጉንቸር አለ፤ ያንኑ ክፍል የሚያስገባው ሌላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በር ጠባቂው ደግሞ «ያኛው ተቆልፏልና ይህንንም ልቆልፈው» የሚል አእምሮ የለውም።

ክፍሉ ውስጥ የኦሴይ ስልክ እንዳለ ተራግፏል። የድንኳን ፎቶ። የመዝሙር ድምፅ። የኦሴይ አዲስ ጫማ፣ ከሦስት አቅጣጫ። አንድ ቪዲዮም አለ። ስም የለውም፤ ስልኩ ራሱ የሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ፍሬማ ሳይቆራረጥ ይከፈት እንደሆነ ለማየት ነካችው።

የናና አባቢዮ ግቢ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ለሙታን መጠጥ ያፈሳል፤ በእያንዳንዱ ጠብታ አንድ ስም ይጠራል። ስሞቹ አያልቁም። ፍሬማ ድምፁን ቀነስ አድርጋ ወደ ፊት አሳለፈችው። መጠጡ አልቆ ሰው ተቀምጧል። ናና ይናገራል።

«ቅዳሜ ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብር ሲሄድ አሶክዋ ሰፈር ያለው ቤት ባዶ ነው። በያጁ ጓጉንቸሮቹን ይዞ ያኔ ይሂድ። ሴትዮዋ ከመቃብር ስትመለስ ሳሎኑ የእኛ ነው።»

«ዕቃዋስ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ፌስታል አይሸጥም እንዴ ኩማሲ?»

ሳቅ። ስልኩን የያዘው ኦሴይ ከሁሉ ይበልጥ ስለሳቀ ምስሉ ተንቀጠቀጠ።

ፍሬማ ቪዲዮውን ዘጋችው። መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ ንቀት ነበር። ሌብነቱንስ ይሁን፤ ሰው ሲዶልት በሹክሹክታ ይዶልታል። እነዚህ አያቶቻቸውን ምስክር ጠርተው፣ መጠጥ አፍስሰው፣ በስልክ ቀርጸው፣ የተቀረጸውንም «አደራ ቆልፊልን» ብለው አምጥተው ሰጧት!

ተነስታ የንቲምን በር አንኳኳች። ወደ ኮሪደሩ ወጣላት።

«ምንድን ነው? ከእንግዳ ጋር ነኝ።»

«አዲሱ ገጽ በ‹ፎቶ› በኩል ያለምንም ይለፍ ቃል ይከፈታል። ያኛውን ደንብ ልዝጋው።»

«የእኔን?»

«የእርስዎን።»

ንቲም ወደ ክፍሉ በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍሬማ፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ቀብር አለን። ማተሚያ ቤቶቹ ዛሬ ማታ ፎቶ ያወርዳሉ። ያንን በር ብትዘጊው ነገ ማነው እየጮኸ የሚደውልልኝ? አንቺ ነሽ ስልኩን የምታነሺው?»

«ለማተሚያ ቤቶቹ ሌላ አድራሻ እሰጣቸዋለሁ። አሁኑኑ ያልቃል።»

«ማነው በዚያ በኩል መግባት የሚያውቅ?»

«አድራሻውን የተሰጠው ሁሉ።»

«ለማን ተሰጠ?»

«ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። እርስዎ ነዎት እንድሰጥ ያዘዙኝ።»

«በቃ! አራት ዓመት ሠርቷል፤ አንድ ሰው አልተጎዳም። እናንተ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ልጆች ያልተሰበረ ነገር ካልጠገናችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። አትንኪው። ትእዛዝ ነው።»

«እሺ» አለች ፍሬማ።

የቪዲዮውን ነገር አልነገረችውም። ልትነግረው አስባ እንደነበር ያወቀችው ወደ ወንበሯ ስትመለስ ነው። ቢያውቅ ኖሮ በሩን ራሱ ሮጦ ይዘጋው ነበር፤ ለናና ሲል። እሷም ከመጠየቋ በፊት ብትዘጋው ማንም አያውቅም ነበር። ጠየቀች፤ ተከለከለች። እንግዲህ በሩ የንቲም ነው። ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም ትንሽ አስጠላት።

ናና አባቢዮ ማልቱን እንደያዘ መጥቶ ከበላይዋ ቆመ። «ተቆለፈ?»

«በሰጡኝ አድራሻ ተቆልፏል ናና።»

«ሴትዮዋ አትገባም?»

«በዚያ አድራሻ አትገባም።»

«ጎሽ።» ጠርሙሱን አንስቶ ተጎነጨ። «ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«አየህ ንቲም? ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ተፋጣ የምትውል ሴት ባል ከየት ታመጣለች! ማሽኑ አያስረግዝ!» ንቲም ከበሩ ሆኖ ሳቀ፤ ደመወዝ የሚከፈለው በሳቁ ይመስል።

ተመልሰው ሲገቡ ስልኳ ጠራ።

«ሚስ ኮምፒውተር!»

ማዳም ኮናዱ ነበረች። ባለፈው ሳምንት እዚህ መጥታ፣ ከመቀመጧ በፊት ፍሬማን ወንበሩን አስወልውላት ነበር። በሁለቱም እጇ የሚቁለጨለጨው አምባር በተናገረች ቁጥር ይጮኻል፤ በስልክም ይሰማል።

«አቤት ማዳም።»

«ያ ፎቶ አሁንም ከገጹ ላይ አልወረደም! አንገቴን አይተሽዋል? ኤሊ አስመስላችሁኝ ሰው ሁሉ እየተሳሳቀብኝ ነው። ፎቶ አንሺው የልጄን ሠርግ ፎቶ ልኬላቸዋለሁ ብሎኛል። እሱን አድርጊው። ግን መጀመሪያ ልየው።»

«እልክልዎታለሁ።»

«አሁን! ሐዘንተኛ ነኝ እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ላንቺ ስደውል አልውልም።»

ስልኩ ተዘጋ። ፍሬማ የሠርጉን ፎቶ አገኘችው። በወርቃማ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አንገቷን እንደ ሰጎን መዝዛ ትስቃለች። ባሏ ከበስተጀርባ ተቆርጦ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ባሏ ሊቀበር ሁለት ቀን ቀርቶት ሴትዮዋ የምትጨነቀው ለአንገቷ ነው። ይህቺን ሴት ከምን ለማዳን? ቅዳሜ ማታ ልብሷ በፌስታል ቢሰጣት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው የፌስታሉን ቀለም ይሆናል።

ግን ጅልነት ቤት የሚያስነጥቅ ቢሆን ግማሹ ኩማሲ መንገድ ላይ ባደረ ነበር፤ ከንቲም ጀምሮ።

አንዱን ፎቶ ብቻ መላክ ትችል ነበር። ጣቷ በስልኩ ላይ ቆመ። ናና በግድግዳው ማዶ ስለ ድንኳን ኪራይ ያወራል፤ «ፌስታል» ሲል የሰማችው ያው ለዛ ያለው፣ የጠገበ ድምፅ ነው። ፍሬማ የፎቶውን አድራሻ አጠፋችና የንቲምን በር ጻፈች፤ «ፎቶ»፣ ቀጥሎ «ሳርፖንግ»። ማተሚያ ቤት በየቀኑ የሚላክለት አድራሻ ነው። የተጣሰ ትእዛዝ የለም። ከሥሩ «ከላይ የመጀመሪያው ነው ማዳም» ብላ ላከችው።

ሰርቨሩ ማን ምን እንደጠየቀ መስመር በመስመር ይጽፋል። ፍሬማ ይህ የሚታይበትን መስኮት በስክሪኑ ላይ ከፍታ ተቀመጠች።

የሠርጉ ፎቶ ተጠየቀ። እንደገና ተጠየቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠየቀ። አንገት። ከዚያ ምንም። ፍሬማ ከንፈሯን አጣመመች፤ ከዚህች ሴት ሌላ ምን ይጠበቃል? መስኮቱን ልትዘጋው ስትል «ወገን» የሚለው መስመር ወረደ። ቀጥሎ የኦሴይ ጫማ ተጠየቀ፤ ስልኳም ጮኸ።

«አየሁት፣ ይሄኛው ነው። አንገት ማለት ይሄ ነው! ስሚ ደግሞ፣ ከሥር የእነዚያ ሰዎች ነገር አለ። ገባሁበት። ይሄ ኦሴይ የሚሉት ጫማውን ፎቶ አንስቶ ለቀብር ይልካል እንዴ?»

«ልኳል።»

«ደግሞ ቪዲዮ አለ። ትልቅ ነው፤ ዳታዬን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚበላብኝ። የሚታይ ነገር ነው?»

ማዶ ናና እየሳቀ ነበር። ፍሬማ አፏን ከስልኩ ጋር አጣበቀች። የደንበኛን ነገር ለሌላ ደንበኛ አልናገርም ብላ ፈርማ ነው የተቀጠረችው። እስካሁን የተናገረችውም ነገር የለም። በር ተከፍቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ገባች። አሁን ግን ደንብም አድራሻም መሸሸጊያ አይሆንም። ጥያቄው የቀረበው ለሰርቨሩ አይደለም፤ ለእሷ ነው።

«የሚታይ ነው» አለች።

«ምን አለው?»

«መጀመሪያው መጠጥ ሲፈስ ነው። ረጅም ነው። እንዳይዘጉት።»

«ኤጭ! የእነሱን የአያት ስም ስቆጥር ልውል? እኔኮ—»

«እስከ መጨረሻው ይዩት ማዳም። ዛሬ።»

«አንቺ ደግሞ ማን ሆነሽ ነው የምታዢኝ?» አለችና ዘጋችው።

ፍሬማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ቪዲዮው ተጠየቀ። ትልቅ ስለሆነ ሰርቨሩ ቆራርሶ ነው የሚሰጠው፤ የታየው ካለቀ ቀጣዩ ቁራሽ ይጠየቃል፤ ካልታየ አይጠየቅም። የመጀመሪያው ቁራሽ ወረደ። ሽማግሌው አሁን ተነስቶ ቆሟል። ሁለተኛው ወረደ። ስሞቹ ጀምረዋል። የአሶክዋ ኔትወርክ ያዘግማል። ሦስተኛው።

ከዚያ ቆመ።

ማራገቢያው ይሽከረከራል። ታች መንገድ ላይ የትሮትሮ ሚኒባስ ረዳት ወደ ገበያው «ኬጄቲያ! ኬጄቲያ!» እያለ ይጣራል። ሴትዮዋ ሰልችቷት ትታዋለች፤ በቃ። ለአንገቷ ጊዜ አላት፤ ለቤቷ ግን ጥቂት የሞቱ ስሞች አዳምጣ መታገሥ አልቻለችም። ፍሬማ እጇን ስታይ ጨብጣው ነበር። ዘረጋችው። ለእንዲህ ያለች ሴት ነው እንግዲህ እጇን የምትጨብጠው?

አንድ መስመር ወረደ። ቀጥሎ ሌላ። መጠጡ አልቋል፤ ሰው እየተቀመጠ ነው። ሌላም። ናና የሚናገርበት ቁራሽ ይህ ነው። ቀጥሎ ያለው መጣ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ያው ቁራሽ እንደገና ተጠየቀ። እንደገናም። ሴትዮዋ ያንኑ ቦታ ደጋግማ እየሰማች ነው።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይላል፤ ቪዲዮውን አውርዶ ያስቀምጣል፤ ጠበቃ ይጠራል፤ ቅዳሜ ሁለት ጠንካራ ወንዶች በር ላይ አቁሞ የሐዘን ጥቁርና ቀይ ለብሶ እንደማያውቅ ሆኖ ወደ መቃብር ይሄዳል። ፍሬማ ይህን ሁሉ በሐሳቧ ደረደረችላት፤ እንደ ደንብ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር።

በግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ።

«ይኸው፣ መበለቲቱ!» አለ ናና አባቢዮ ለንቲም፣ ሳቁን ሳይጨርስ። «አንገቷ ነው ደግሞ። ሄሎ፣ ኮናዱ!»

ጅል! አለች ፍሬማ በልቧ። ጅል፣ ጅል ሴት!

ማዶ ያለው ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ። አምባር የሚያስጮህ፣ የሚሰነጠቅ የሴት ድምፅ ከስልኩ አልፎ፣ ከጣውላው አልፎ እሷ ዘንድ ደረሰ። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ንቲም» አለ በመጨረሻ፣ ለዛው በጠፋ ድምፅ። «ቁልፉ የት ነው ያልከኝ?»

ወንበር ተንሸራተተ። በኮሪደሩ የሁለት ሰው እግር መጣ። ፍሬማ ፊቷን አላስተካከለችም፤ መስኮቱንም አልዘጋችም። በስክሪኑ ላይ መስመሮቹ አሁንም ይወርዳሉ፤ ጥያቄው ከአሶክዋ ብቻ አልነበረም፤ ማዳም ኮናዱ ለዘመድ የበተነችው የቪዲዮው ሊንክ ታማሌ ደርሶ፣ ታኮራዲ ደርሶ ነበር።